ስለ ባዮ አጻጻፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች (ለኢንስታግራም፣ ለቲክቶክ፣ ለቴሌግራም እና ለሊንክድኢን)

የሰው ፔጅ ማስተዳደር ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ፖስት ከሚጠይቀኝ ይልቅ ስለ ባዮ (ፕሮፋይላችሁ ላይ ስለራሳችሁ ምትፅፏት አጭር ፅሁፍ) ሚጠይቀኝ በዝቷል፣ አንድ አይነት መልስ በቮይስ ደጋግሜ መላክ ስለሰለቸኝ ሁሉንም እዚ ሰብስቤዋለሁ። ቅደም ተከተል የለውም፣ ሚመለከታችሁን እየመረጣችሁ አንብቡ።

ባዮ ግን ማን ያነበዋል? ሰው ቪዲዮውን አይቶ አይደል እንዴ ሚያልፈው?

ሚከተላችሁ ሰው አያነበውም፣ እውነት ነው። ሚያነበው ገና ማያውቃችሁ ሰው ነው። አንድ ቪዲዮ አይቶ "ይቺ ደሞ ማናት" ብሎ ስማችሁን የነካ፣ ወይ ጓደኛው ስክሪንሾት ልኮለት ሰርች ያረገ፣ ወይ ደሞ ቀብድ ሊልክላችሁ ቴሌብር ከፍቶ "እውነተኛ ናቸው ወይስ ብሬን በልተው ሚጠፉ" እያለ ሚያመነታ ሰው። ይሄ ሰው ሚፈልገው ብዙ አይደለም፦ ማን ናችሁ፣ ምን ትሰራላችሁ፣ የት ናችሁ፣ በምን ላግኛችሁ።

እኔ ባዮን እንደ ታፔላ ነው ማየው። መንገድ ዳር "ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ በ5 ደቂቃ" የሚል ታፔላ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ያንን ያፃፈው ሰውዬ ማርኬቲንግ ላይማር ይችላል፣ ግን በዛ በር የሚያልፈው ሰው መታወቂያ ሊያወጣ እየሮጠ እንደሆነና 5 ደቂቃ የሚለውን ሲያይ እንደሚቆም ያውቃል። "ህልምዎን በምስል እናስቀራለን" ብሎ ቢያፅፍ ኖሮ ሰውየው አልፎት ነበር።

እሺ ምን ብዬ ልፃፍ?

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ምትሰፋ አንድ ልጅ አለች፣ ሙያዋን ብታዩት ትገረማላችሁ፣ ፎቶዎቿም ያምራሉ፣ ግን ሰው ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል። ባዮዋ እንዲህ ነበር የሚለው፦

«ጥራት መለያችን ነው። የደንበኞቻችን እርካታ የኛ ደስታ። እግዚአብሔር ይቅደም። ዋጋ በኢንቦክስ።»

ደግማችሁ አንብቡት እስኪ። ቀሚስ የሚል ቃል አለው? የለውም። ሽሮ ሜዳስ? እሱም የለም። ይሄንን ባዮ ገልብጣችሁ ለጥርስ ሀኪም ብትሰጡት ይሆነዋል፣ ሞተር ዘይት ለሚሸጥም ይሆነዋል። እኔ ሁሌ ምጠቀመው መፈተኛ ይሄ ነው፣ ባዮህ ለሌላ ሥራ ልክ ከሆነ የሰው ልብስ ነው የለበስከው ማለት ነው።

ከዛ ምን አረግን፣ ቡና ይዘን ቁጭ ብለን ኢንቦክሷን ከፈትን። የመጨረሻዎቹን 20 ሰዎች መልእክት አየን። ያው አራት ጥያቄ ነው እየተመላለሰ ሚመጣው፦ ሱቅሽ የት ነው፣ ለመልስ ሚሆን አለሽ፣ በስንት ቀን ይደርሳል፣ ውጭ አገር ትልኪያለሽ። በቃ ባዮው እዛው ተፅፎ አልቋል፣ እኛ የቀረን መገልበጥ ነው። "በስንት ቀን" ላይ ትንሽ ተከራከርን፣ እሷ "በፍጥነት እናደርሳለን" ይባል አለች፣ እኔ ደሞ ሰርጓ 3 ሳምንት ለቀራት ሙሽራ ፍጥነት ምን ማለት ነው አልኳት፣ በመጨረሻ በጣቷ ቆጥራ፣ ሸማኔ ጋር የሚቆየውን ጨምራ፣ 10 ቀን አለች። ይሄ ሆነ፦

«የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ሽሮ ሜዳ። ለሰርግ፣ ለመልስ፣ ለክርስትና። ልክ ተወስዶ በ10 ቀን ይደርሳል። ውጭ አገር ላላችሁ በሰው ወይም በፖስታ እልካለሁ። ለማዘዝ ከታች ያለውን ቴሌግራም ይንኩ»

"እግዚአብሔር ይቅደም" የሚለው መውጣቱ ቅር ብሏት ነበር፣ እሱን ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ስንት ፊደል ነው ሚፈቀደው?

ኢንስታግራም 150፣ ቲክቶክ 80፣ ትዊተር (ኤክስ በሉት) 160፣ ፌስቡክ ላይ ስማችሁ ስር የምትገባዋ አጭሯ ባዮ 101፣ ቴሌግራም ላይ የግል አካውንት 70 ሲሆን ፕሪሚየም ለገዛ 140 ነው፣ የቴሌግራም ቻናል መግለጫ ደሞ 255። ሊንክድኢን ሰፊ ነው፣ ስማችሁ ስር ያለችው ሄድላይን 220 ትይዛለች፣ ስለራሳችሁ የምትፅፉበት ቦታ ደሞ 2600፣ ግን እሱም ቢሆን መጀመሪያ ሚታየው ጥቂት መስመር ነው፣ ሌላውን ሰው ከፍቶ ነው ሚያነበው።

በነገራችን ላይ የኛ ፊደል እዚ ጋ ጥቅም አለው። "ሰላም" በአማርኛ ሶስት ናት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትፃፍ አምስት ትሆናለች። ከላይ ያለው የሽሮ ሜዳዋ ልጅ ባዮ ያን ሁሉ ነገር ብሎ 120 ገደማ ነው የሆነው፣ 30 ተርፎናል። ለቲክቶክ ስናሳጥረው ደሞ «የሀበሻ ቀሚስ ሰፊ፣ ሽሮ ሜዳ። ለሰርግ፣ ለመልስ፣ ለክርስትና። ለማዘዝ ቴሌግራም» ሆነ፣ ይሄ 50 ነው። ስለዚ "ቦታ አልበቃኝም" የሚለኝን ሰው ብዙም አላምነውም፣ ቦታውን የበላው "ጥራት መለያችን" ነው።

በአማርኛ ልፃፍ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ማን እንዲያነበው ነው ምትፈልጉት? ደንበኛችሁ ሀበሻ ከሆነ አማርኛ። ቱሪስት ምታስጎበኙ ከሆነ፣ ወይ ከውጭ ድርጅት ሥራ ምትፈልጉ ከሆነ እንግሊዝኛ። ሁለቱንም መሃል ላይ መቀላቀል ግን (ግማሽ አረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ መጨረስ) ሲነበብ ያደናቅፋል፣ ከፈለጋችሁ አንድ መስመር በዚ አንድ መስመር በዛ አርጉት።

አሁን ግን ብዙ ሰው ማያውቀውን ልንገራችሁ። ኢንስታግራም ላይ ሰው ሰርች ሲያረግ በዋናነት ሚታየው ዩዘርኔማችሁ እና ከሱ ውጪ ያለው የስም ቦታ ነው። ዩዘርኔም በላቲን ፊደል፣ በቁጥር፣ በነጥብና በስር ሰረዝ ብቻ ነው ሚሰራው፣ አማርኛ አይቀበልም። የስም ቦታው ግን አማርኛ ይቀበላል። ስለዚ ዩዘርኔማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ የስም ቦታው ላይ ያንኑ ስም ደግማችሁ በእንግሊዝኛ አትፃፉ፣ ቦታ ማባከን ነው፣ በአማርኛ ስማችሁንና ሥራችሁን አስገቡበት፦ «ሄለን የሀበሻ ቀሚስ» አይነት (ስሙ ምሳሌ ነው)። ሰው "የሀበሻ ቀሚስ" ብሎ ሲፈልግ የመውጣት እድል አላችሁ። ተጠንቀቁ ታዲያ፣ የስም ቦታውን በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ መቀየር አይቻልም፣ ለሙከራ እያላችሁ ስትነካኩ እንዳይቆለፍባችሁ።

ሌላው ራስ ምታት የፊደላችን ሞክሼዎች ናቸው። ፀጉር ቤት ነው ወይስ ጸጉር ቤት? ህንፃ፣ ሕንፃ፣ ሕንጻ? የሰዋስው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ መምህሮቻችን እንዳይሰሙኝና፣ ሰርች ላይ ግን ሰው በስልኩ ኪቦርድ ቶሎ የመጣለትን ነው ሚፅፈው። እኔ ምመክረው ስም ቦታው ላይ ብዙ ሰው ሚጠቀመውን፣ ባዮው ውስጥ ደሞ ከተመቸ ሌላኛውን አንድ ጊዜ ማስገባት ነው።

"እግዚአብሔር ይቅደም"፣ "አልሀምዱሊላህ"፣ ወይ ጥቅስ ባረግስ?

እምነታችሁን አውጡ ብዬ ማንንም አልልም፣ የኔ የግል አካውንት ላይም አለ። ግን የሥራ ፔጅ ላይ የመጀመሪያው መስመር የሥራ ይሁን፣ ጥቅሱ መጨረሻ ይግባ። ሱቅ ውስጥም እኮ ስእሉ ወይ የቁርኣን ጥቅሱ ከባንኮኒው ጀርባ ነው ሚሰቀለው፣ በሩ ላይ ያለው ታፔላ ሌላ ነው። ይሄን ስነግራት ነው የሽሮ ሜዳዋ ልጅ የተስማማችው፣ በተረፈው 30 ፊደል መጨረሻ ላይ መልሳ አስገባቻት። ከታዋቂ ሰው የተወሰደ የእንግሊዝኛ ጥቅስ ግን፣ በተለይ ማን እንዳለው ማይታወቀው አይነት፣ በቃ ተዉት።

ዋጋ ልፃፍ ወይስ "ዋጋ በኢንቦክስ" ይሻላል?

ዋጋው ሚለያይ ሥራ ከሆነ (እንደ ልብስ ስፌት፣ እንደ ዲኮር) መነሻ ዋጋ ፃፉ፣ "ከዚህ ብር ጀምሮ"። ቋሚ ዋጋ ከሆነ ደሞ ምን ያስደብቃል? "ዋጋ በኢንቦክስ" ሰውን ያበሳጫል፣ እኔን ራሴን ያበሳጨኛል፣ አንዴ ለአንድ የስልክ ሽፋን ኢንቦክስ ጠይቄ "ሰላም ውዴ፣ ስልክ ቁጥርህን ላክልን" ተብዬ ትቼዋለሁ። ዋጋ በየሳምንቱ ሚቀያየርባችሁ ከሆነ ግን ባዮ ላይ አታስገቡት፣ ፒን ያረጋችሁት ፖስት ላይ ይሁን፣ ማስተካከል ይቀላል።

አድራሻና የሥራ ሰዓት እንዴት ነው ሚፃፈው?

"አዲስ አበባ" አድራሻ አይደለም። ሰፈር፣ የህንፃ ስም፣ ፎቅ፣ የሱቅ ቁጥር። «22፣ ጎላጉል ህንፃ፣ 2ኛ ፎቅ» ሲባል ታክሲ ላይ ያለ ሰው የት እንደሚወርድ ያውቃል። የህንፃው ስም የማይታወቅ ከሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን ፃፉ፣ ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ማደያ፣ ሀበሻ እንደሆነ አቅጣጫ ሚያገኘው እንደዛ ነው።

ሰዓት ላይ አንድ ነገር፣ "ከ2 እስከ 12" ብላችሁ ብቻ ስትፅፉ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው ልጅ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው ሚከፈተው ብሎ ሊያስብ ይችላል። "ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12" በሉ፣ ፈረንጅ ደንበኛ ካላችሁ ደሞ በሱ አቆጣጠር ለብቻ ፃፉለት።

ስልክ ቁጥሬን ልለጥፈው?

የሥራ ስልክ ከሆነ አዎ፣ በ09ም ይጀምር በ07። ደንበኞቻችሁ ዲሲ ወይ ዱባይ ካሉ ግን መጀመሪያ ያለችውን ዜሮ አውጥታችሁ በ+251 ጀምሩት፣ አለበለዚያ ከዛ ሆነው ሲደውሉ አይገባም። የዋትሳፕ ሊንክ ስትሰሩ ደሞ የመደመር ምልክቱም አይገባም፣ 251 ብሎ ቀጥታ ቁጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ይሳሳትና ሊንኩ አልሰራም ይለኛል።

የግል ስልክ ከሆነ ግን፣ በተለይ ሴቶች፣ አትለጥፉ። ለሊት 6 ሰዓት ላይ "እህት እንተዋወቅ" የሚል መአት ነው። ቴሌግራም ዩዘርኔም ስጡ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ደሞ ስልካችሁን ማን ማየት እንደሚችል ማንም ላይ አርጉት። ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ያላችሁ እህቶቼ ደሞ ምትሰሩበትን ቤት ሰፈር ወይ ህንፃ ባዮም ላይ ሆነ ሎኬሽን ላይ አታስገቡ፣ ከተማው ይበቃል።

ሊንክስ?

ኢንስታግራም እስከ 5 ሊንክ ይፈቅዳል፣ ግን አምስቱንም መሙላት ግዴታ አይደለም፣ አንድ ዋና ነገር ይሁን። ቲክቶክ ለግል አካውንት ባዮ ላይ ሚነካ ሊንክ ሚሰጠው በተለምዶ 1000 ፎሎወር ከሞላ በኋላ ነው፣ እስከዛ ድረስ የቴሌግራም ዩዘርኔማችሁን በፅሁፍ አስቀምጡ፣ አጭርና በአፍ ሚነገር ይሁን። ሶስት ስር ሰረዝና የልደት ቀን ያለበትን ዩዘርኔም ማንም በእጁ አይፅፍላችሁም።

ሲኢኦ እና ፋውንደር ብዬ ብፅፍ ችግር አለው?

እኔም ብዬ ነበር። ሠራተኛ እኔ፣ አለቃ እኔ፣ ፅዳት እኔ፣ ባዮዬ ላይ ግን "ዋና ሥራ አስፈፃሚ"። አንድ ትልቅ ጓደኛዬ አይቶት "ስንት ሰው ታስፈፅማለህ?" አለኝ፣ ማታውን አጠፋሁት። ማእረግ ውሸት ነው አላልኩም፣ ግን ሰው "ፋውንደር" ሲያነብ ምን እንደምትሰሩ አይገባውም። "ለምግብ ቤቶች ሜኑ እዲዛይናለሁ" ሲባል ይገባዋል፣ ምግብ ቤት ያለው ደሞ ይደውላል።

ገና ተመረቅኩ፣ ልምድ የለኝም፣ ሊንክድኢን ላይ ምን ልበል?

"ሥራ ፈላጊ" ወይ "አዲስ ተመራቂ" ብቻ ብላችሁ አትቁሙ። ሰው ሀይል ላይ ያለው ሰው ሚፈልገው ሥራ ፈላጊ አይደለም፣ ሥራ ሚሰራ ሰው ነው። ለምሳሌ አካውንቲንግ ተመርቃ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ለመማር ዝግጁ» ብላ የፃፈች ልጅ ነበረች። ጠየቅኳት፣ ኢንተርንሺፕ የት ነበርሽ? አንድ አስመጪ ጋር። ምን ትሰሪ ነበር? መጀመሪያ "ምንም" አለች (ሁሉም መጀመሪያ ምንም ነው ሚለው)፣ ከዛ ስትዘረዝር ደረሰኝ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር ነው) ላይ ታስገባ ነበር፣ የወሩን የቫት ሪፖርት ታዘጋጅ ነበር፣ የባንክ ስቴትመንት ታስታርቅ ነበር። እሱ እኮ ነው ሥራው! ሄድላይኗ «አካውንታንት። ፒችትሪ፣ ኤክሴል። የወር ቫት ሪፖርትና የባንክ ማስታረቅ ሠርቻለሁ። የ2016 ተመራቂ» ሆነ። ሊንክድኢን ላይ እንግሊዝኛውን ነው ያስገባነው፣ ቀጣሪዎቹ እዛ ላይ ሰርች ሚያረጉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ዓመተ ምህረቱንም ወደ ፈረንጅ ቀይረን። ይሄን አትርሱ፣ 2016 ተብሎ በእንግሊዝኛ ከተፃፈ ከስንት አመት በፊት የተመረቃችሁ ነው ሚመስለው።

ያ ያሸበረቀ ፎንትስ? ኢሞጂስ?

ያ ተጠማዞ ሚፃፈው የእንግሊዝኛ ፅሁፍ ፎንት አይደለም፣ ሌላ የምልክት አይነት ነው፣ ስለዚ ሰርች ላይ አይወጣም፣ ስልኩ እያነበበለት ሚጠቀም አይነ ስውር ሰው ጋ ደሞ ወይ ይዘለላል ወይ ማይገባ ነገር ይነበባል። ለኛ ፊደል እንደዛ አይነት ስላልተሰራለት እግዚአብሔር ይመስገን ከዚ ተርፈናል። ኢሞጂ ሎኬሽንና ስልክ ፊት አንድ አንድ ጥሩ ነው።

ምንም አልሸጥም፣ የራሴ አካውንት ነው። እኔስ?

ደስ ያላችሁን ፃፉ በቃ። አንድ እውነተኛ ትንሽ ነገር ካለበት ግን ይበልጣል፣ "ሕይወትን ምወድ" ከሚል "ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ምወጣ፣ ሽሮ ላይ ቀልድ ማላውቅ" የሚል ሰው ጋ ወሬ መጀመር ይቀላል።

ቻትጂፒቲ ቢፅፍልኝስ?

ዝም ብላችሁ "ባዮ ፃፍልኝ" ካላችሁት "ለላቀ አገልግሎት ቁርጠኛ የሆነ" ምናምን ይላችኋል፣ ያው ጥራት መለያችን ነው ካባ ለብሶ። ከኢንቦክሳችሁ ያወጣችሁትን ጥያቄዎችና መልሶቹን ሰጥታችሁ አሳጥርልኝ ካላችሁት ግን ያግዛል። አማርኛውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ አፋችሁ ላይ ከተቆላለፈ ቀይሩት።

ሰው በኔ ስም ፌክ አካውንት እየከፈተ ነው፣ ባዮ ይረዳል?

ትንሽ። የቴሌግራም ቻናል ካላችሁ መግለጫው ላይ "አድሚን እገሌ ብቻ ነው፣ ቀድመን ኢንቦክስ አንገባም" ብላችሁ ፃፉ። አጭበርባሪዎቹ ምን እንደሚያረጉ ልንገራችሁ፣ የራሳቸውን ዩዘርኔም ባዶ ይተዉና የናንተን ዩዘርኔም ባዮአቸው ላይ ይለጥፉታል፣ ፎቶአችሁንም ያደርጋሉ፣ ሰው ፕሮፋይሉን ሲከፍት ዩዘርኔሙን አይቶ እናንተ ናችሁ ብሎ ብር ይልካል። ለደንበኞቻችሁ ይሄን አንድ ጊዜ በፖስት አስረዷቸው፣ ዩዘርኔሙን ተጭነው ማን ላይ እንደሚወስዳቸው እንዲያዩ።

በየስንት ጊዜው ልቀይረው?

ነገሩ ሲቀየር። ስልክ ስትቀይሩ፣ ሱቅ ስትቀይሩ። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ የተነሱ ስንት ሱቆች አሉ ባዮአቸው እስካሁን ፒያሳ የሚል፣ ሰው ሄዶ አጥር ሚያገኝ። የበአል ነገር ስታስገቡ ደሞ ማውጫውን ቀን ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። ባለፈው ጥቅምት ላይ ጫማ ፈልጌ አንድ ፔጅ ከፈትኩ፣ «የፋሲካ ልዩ ቅናሽ፣ 3 ቀን ብቻ ቀረው» ይላል። ደወልኩና ቅናሹ አለ ወይ አልኳት።

"የቱ ቅናሽ?" አለችኝ።

ባዮሽ ላይ ያለው አልኳት። ዝም አለች ትንሽ፣ ከዛ "ቆይ አንዴ" ብላ ለሆነ ሰው ስትጮህ ሰማኋት፣ "አንተ ፓስወርዱ ማን ጋ ነው ያለው?"